ከመዝገቡ በፊት ነዋሪውን ይዩ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ነርስ ያለበት የአረጋውያን መጦሪያ እንዴት እንደሚፈተሽ የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ተጠራቅመውብናል። ጸሐፊዎቹ ተቆጣጣሪዎች፣ የመጦሪያ ሠራተኞችና የነዋሪ ቤተሰቦች ናቸው። ጥያቄያቸው ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ይገናኛል፤ ወረቀት ላይ የሰፈረው እንክብካቤ አልጋው ላይ ላለው ሰው በእርግጥ ደርሶታል ወይ? ስለዚህ አንድ ላይ እንመልሳቸዋለን።

ጥያቄ፦ በቅርቡ ሥራ የጀመርኩ ተቆጣጣሪ ነኝ። መጦሪያ ስሄድ መጀመሪያ የሚያስገቡኝ ፋይል ወደተደረደረበት ቢሮ ነው። መመሪያውን፣ የሥልጠና ሰርተፊኬቱን፣ የጽዳት ቅጹን ሳገላብጥ ቀኑ ይመሻል። ከየት ብጀምር ይሻላል?

መልስ፦ ቢሮው ይቆይዎት። ሳያሳውቁ ይሂዱ፤ ሰዓቱንም ይምረጡ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ በር ቢያንኳኩ የሌሊቱን ፈረቃ ሥራ ላይ ያገኙታል። በዚያ ሰዓት አብዛኞቹ ነዋሪዎች ታጥበው፣ ለብሰው፣ ሳሎን ወንበር ላይ እያንቀላፉ ከሆነ መነሣቱን ማን እንደመረጠ ይጠይቁ። ዕድሜውን ሙሉ ጎህ ሲቀድ የሚነሣ ሰው አለ፤ ያ መብቱ ነው። ግማሹ ቤት በአንድ ላይ ማልዶ ከተነሣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የቀን ፈረቃውን ሥራ ማቅለል ነው። የፈረቃ ርክክቡንም ቆመው ያዳምጡ። ስለ እያንዳንዱ ሰው ምን እንደበላ፣ ምን ያህል እንደጠጣ፣ ቆዳው እንዴት እንዳደረ፣ ከትናንት ምን እንደተለወጠ ይነገራል? ወይስ «ሁሉም ደኅና አድረዋል» ተብሎ ይታለፋል?

ከዚያ አራት ነዋሪዎችን ይምረጡ፤ ምርጫውን ለኃላፊው አይተዉ። አንዱ ከአልጋ የማይነሡ፣ ሌላው የመርሳት በሽታ ኖሮባቸው መራመድ የሚችሉ፣ ሦስተኛው ባለፈው አንድ ወር ውስጥ የገቡ፣ አራተኛው በቅርቡ የወደቁ ወይም የከሱ ይሁኑ። ቅደም ተከተሉን አያፋልሱ፤ መጀመሪያ ሰውየውን፣ ቀጥሎ ክፍላቸውን፣ ቀጥሎ የሚንከባከባቸውን ሠራተኛ፣ መዝገቡን መጨረሻ ይዩ። ፋይሉን አስቀድሞ ያነበበ ዐይን ያነበበውን ነው የሚያየው። ሠራተኛዋን «እኚህን እናት ከአልጋ ወደ ወንበር እንዴት ነው የምታሻግሪያቸው?» ብለው ይጠይቋት። መልሷ ከእንክብካቤ ዕቅዱ ጋር ካልገጠመ ከሁለቱ አንዱ ስሕተት ነው፤ ብዙ ጊዜ ዕቅዱ ሰውየው ከደከሙ በኋላ ሳይታደስ የቀረ ሆኖ ይገኛል።

ሳሎን ውስጥም አንድ ሙሉ ሰዓት ይቀመጡ። አምስት ነዋሪዎችን በዐይንዎ ይያዙና በየ5 ደቂቃው ነቅተው ይሁን ተኝተው፣ ፊታቸው ምን እንደሚመስል፣ ማን እንዳነጋገራቸውና በምን ዓይነት ቃል እንደሆነ ይጻፉ። ያለ አንድ ቃል ወደ አፍ የሚሄድ ማንኪያ፣ ሳያስጠነቅቁ ከኋላ የሚገፋ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ሰውየው እየሰሙ በላያቸው ላይ የሚደረግ ወሬ፣ እነዚህ በየትኛውም ቅጽ ላይ አይገኙም። ጸጥ ያለ ሳሎንም ሰላም ያለበት ነው ብለው አይለፉት። ከረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ሁሉም ካንቀላፉ የሚያስተኛ መድኃኒት ተሰጥቷቸው እንደሆነ ለማየት ቀጣዩ ጉዞዎ ወደ መድኃኒት መዝገቡ ነው።

የሰው ኃይሉን በተመለከተ የታቀደውንና በእርግጥ የተሠራውን የፈረቃ ሰሌዳ የአራት ሳምንት ይጠይቁ፤ ከመግቢያና መውጫ ሰዓት መዝገቡ ጋር ያስተያዩ። ሌሊቱን፣ ቅዳሜንና እሑድን ነጥለው ይመልከቱ፤ ቀዳዳው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። የጥሪ ደወሉን አንድ ጊዜ ተጭኖ ሰዓት መያዝ ብዙ አይናገርም፤ ተቆጣጣሪ ቤት ውስጥ እያለ ሁሉም ይሮጣል። መሣሪያው የጥሪ ታሪክ የሚይዝ ከሆነ የአንድ ሳምንቱን ያሳትሙና ከ10 ደቂቃ በላይ መልስ ያጡ ጥሪዎች በየትኛው ሰዓት እንደተደራረቡ ይዩ። የደወሉ ገመድ ከነዋሪው እጅ ርቆ የተንጠለጠለ ወይም ተጠቅልሎ ግድግዳ ላይ የታሰረ ከሆነ ደወሉ የለም ብለው ይመዝግቡ።

ጥያቄ፦ እናቴ ከአልጋ አትነሣም። ከወገቧ በታች፣ ጭራ አጥንቷ ላይ ቁስል አይቼ ስጠይቅ «በየ2 ሰዓቱ እናገላብጣታለን» ብለው የተፈረመበት መዝገብ አሳዩኝ። ታዲያ ቁስሉ ከየት መጣ?

መልስ፦ መጀመሪያ መዝገቡን ራሱን ይመርምሩት። ሰዓቶቹ በሙሉ 2፣ 4፣ 6፣ 8 እያሉ ያለ አንዲት ደቂቃ ልዩነት በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ ከተደረደሩ በፈረቃው መጨረሻ በአንድ ቁጭታ የተሞሉ መሆናቸውን ይጠርጥሩ። ከሁሉ የጠነከረው ማስረጃ ግን እናትዎ የተኙበት ጎን ነው። መዝገቡ «በግራ» እያለ እሳቸው በጀርባቸው ተኝተው ካገኟቸው ሰዓቱን ጽፈው ይያዙ። ገና ያልደረሰ ሰዓት ተፈርሞ የተገኘበት ቤትም አለ።

የመኝታ ቁስል አጥንት ቆዳን ከፍራሹ ጋር ሲጫን ደም ወደ ሥጋው መድረስ አቅቶት የሚመጣ ጉዳት ነው፤ ከላይ ከመታየቱ በፊት ከውስጥ ይጀምራል። ቀላ ያለውን ቦታ በጣት ለ3 ሰከንድ ያህል ጫን አድርገው ይልቀቁ። ቀለሙ ለአፍታ ገርጥቶ ከተመለሰ ደሙ ይዘዋወራል፤ ምንም ካልተለወጠ ጉዳቱ ጀምሯል። በጠቆረ ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ስለሚችል በዐይን ብቻ መተማመን ያሳስታል። በእጅ ጀርባ ይዳስሱት፤ ከአጠገቡ ካለው ቆዳ ይበልጥ መሞቅ ወይም መቀዝቀዝ፣ መጠጠር ወይም እንደ ስፖንጅ መላላት፣ ሲነካ ማመም ሁሉም ምልክት ነው። ከጭራ አጥንቱ ሌላ ተረከዝን፣ ዳሌን፣ ክርንን፣ የትከሻ አጥንትን፣ የጭንቅላትን ጀርባና ጆሮን ይመልከቱ። የኦክስጅን ቱቦ ያለባቸው ሰዎች ጆሯቸው ጀርባ ላይ ሲቆስሉ ብዙ ጊዜ ማንም አያስተውልም።

ማገላበጡ ቢደረግም አኳኋኑ ሊያቆስል ይችላል። ሙሉ በሙሉ በጎን ማስተኛት ክብደቱን ዳሌ አጥንት ላይ ይጥለዋል፤ ትራስ ከጀርባ አስገብቶ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ማዘንበል ይሻላል። ለተረከዝ ትራሱ የሚገባው ከባት ሥር ነው፤ ተረከዙ አየር ላይ መንሳፈፍ አለበት። የአልጋው ራስጌ ለረጅም ሰዓት ከ30 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ከቆየ ሰውነት ወደታች ይንሸራተታል፤ ቆዳው ሲቀር አጥንቱ ስለሚሄድ በመካከል ያሉት የደም ሥሮች ይሳባሉ። ለምግብ ከፍ ይደረግ፣ ከምግብ በኋላ 30 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ይውረድ።

አሁን ፍራሹን እንይ፤ በጣም የሚዘነጋው እሱ ነው። የአየር ፍራሹ ፓምፕ የክብደት ቁጥር ካለው የተስተካከለበት ኪሎ ከእናትዎ የዛሬ ክብደት ጋር ይገጥማል? 48 ኪሎ የሆኑ ሰው በ90 ኪሎ የተነፋ ፍራሽ ላይ ከተኙ በእንጨት ላይ እንደመተኛት ነው። በጣም ከላላም ሰውነት ዘልቆ የአልጋውን ወለል ይነካል። ለማረጋገጥ መዳፍዎን ወደላይ አድርገው ከፍራሹ ሥር፣ ከጭራ አጥንቱ ትክክል ያስገቡ፤ በእጅዎና በሰውነታቸው መካከል 2.5 ሴንቲሜትር ያህል አየር የማይሰማዎት ከሆነ ፍራሹ አላገለገለም። ከላይ የተደራረበ አንሶላ፣ ወፍራም ጨርቅና ሁለት ዳይፐር የፍራሹን ሥራ ያፈርሳሉ። ቀለበት የሚመስል መቀመጫ መጠቀምም ሆነ አጥንት ላይ የቀላውን ቆዳ ማሸት ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ከማዕከሉ የሚጠይቁት ነገር ግልጽ ይሁን። ቁስሉ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ርዝመቱ፣ ስፋቱና ጥልቀቱ በሴንቲሜትር ተለክቶ፣ ከጎኑ ማስመሪያ ተደርጎ ቀን ያለው ፎቶ ይነሣ። «ደኅና ነው» የሚል ቃል ልኬት አይደለም። በሁለት ሳምንት ውስጥ መሻሻል ካልታየ ዕቅዱ መለወጥ አለበት፤ ፍራሹ፣ የማገላበጫው ሰዓት፣ ምግቡ፣ የሽንት አያያዙ ሁሉ እንደገና ይታይ። በዙሪያው መቅላቱ ከሰፋ፣ ሽታው ከተለወጠ፣ ትኩሳት ወይም ድንገተኛ መደናገር ከመጣ በዚያው ቀን ሐኪም ይይ።

ጥያቄ፦ የአንድ መጦሪያ ዋና ነርስ ነኝ። የመድኃኒት ክፍላችን ንጹሕ ነው፣ ፊርማም አይጎድልም። ሆኖም ተቆጣጣሪዋ ብዙ ጉድለት ጻፈችብን። ምን አይታ ነው?

መልስ፦ ምናልባት ቆጥራ ይሆናል። ፊርማ ያልጎደለበት መዝገብ መድኃኒቱ ተዋጠ ማለት አይደለም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ካለፈው ወር የዞረው ሲደመር የተቀበላችሁት፣ ሲቀነስ የተፈረመበት፣ በሳጥኑ ካለው ጋር መግጠም አለበት። 4 ዞሮ 56 ገብቶ 33 ከተፈረመ 27 ፍሬ መኖር አለበት። 29 ከተገኘ ሁለት ጊዜ ሳይሰጥ ተፈርሟል። 25 ከሆነ ያልተፈረመበት ሁለት ፍሬ ወጥቷል። ይህን በየሳምንቱ ለአምስት ነዋሪዎች ራሳችሁ ብታደርጉት ጉድለቱን ከማንም በፊት ታገኙታላችሁ። የዞረው ቁጥር በወሩ መጀመሪያ ሳይጻፍ ከቀረ ግን ቆጠራው መነሻ ያጣል፤ ብዙ ቤት የሚሰናከለው እዚህ ነው።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። የፓርኪንሰን (የመንቀጥቀጥ ሕመም) ሕመምተኛ ሌቮዶፓ የተባለው መድኃኒቱ ከሰዓቱ ሲዘገይ መንቀሳቀስና መዋጥ ሊያቅተው ይችላል፤ ስለዚህ «ከቁርስ ጋር» ተብሎ ከሌላው ጋር መጠቅለል የለበትም። ለአጥንት መሳሳት የሚታዘዘው አሌንድሮኔት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዋጣል፤ ሰውየው ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀና ብለው መቆየት አለባቸው፤ አለዚያ የጉሮሮን ቧንቧ ያቆስላል። ለመገጣጠሚያ ብግነት የሚሰጥ ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ መስጠት ይገድላል። የሳምንቱ ቀን በመዝገቡ ላይ በግልጽ ይጻፍ፣ የቀሩት ስድስት ቀኖች ይሰረዙ። ቀስ ብሎ እንዲለቀቅ የተሠራ ኪኒን መፍጨትም የሙሉ ቀኑን መጠን በአንድ ጊዜ መልቀቅ ነው። መዋጥ ላቃተው ሰው ፋርማሲስቱን ሌላ ዓይነት ይጠይቁት።

«ሲያስፈልግ» ተብሎ የታዘዘ ማንኛውም መድኃኒት ለምን እንደሚሰጥ፣ በስንት ሰዓት ልዩነት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢበዛ ስንት እንደሆነና ከተሰጠ በኋላ ምን ውጤት እንዳመጣ ሊጻፍለት ይገባል። የፓራሲታሞል ጣራ ለአዋቂ በ24 ሰዓት 4 ግራም ነው፤ ከ50 ኪሎ በታች ለሆኑ ደካማ አረጋውያን ሐኪሙ ይቀንሰዋል። የጉንፋን መድኃኒትም ብዙውን ጊዜ ፓራሲታሞል ስላለበት ድምሩ ሳይታወቅ ያልፋል። በመርሳት በሽታ ለሚታወኩ ሰዎች የሚሰጥ የአእምሮ ማረጋጊያ ለስትሮክና ለሞት ያለውን አደጋ ይጨምራል። ለማን፣ ለምን ምልክት፣ መቼ ሊቆም እንደሚገመገም ያልተጻፈበት ከሆነ ሰውን በመድኃኒት ማሰር ነው ብሎ ተቆጣጣሪ ቢጽፍ አይፈረድበትም። መጮህ ብዙ ጊዜ ሕመም፣ የሆድ ድርቀት፣ የሽንት መታገድ ወይም ጥም ነው፤ መጀመሪያ እነዚህ ይፈተሹ።

ማቀዝቀዣው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መሆን አለበት። የአሁኑን ብቻ ሳይሆን ከትናንት ወዲህ የደረሰበትን ዝቅተኛና ከፍተኛ መዝግበው መለኪያውን ወደ መነሻው ይመልሱ። በረዶ የነካው ኢንሱሊን ቀልጦ ደኅና ቢመስልም ይጣላል። የተከፈተ የኢንሱሊንም ሆነ የዐይን ጠብታ ጠርሙስ የተከፈተበት ቀን ይጻፍበት፤ አብዛኞቹ ከ28 ቀን በላይ አያገለግሉም።

ጥያቄ፦ የቀድሞ መኖሪያ ሕንፃ ወደ መጦሪያ እየለወጥን ነው። በሕንፃው ላይ ተቆጣጣሪ የሚለካቸው ነገሮች የትኞቹ ናቸው?

መልስ፦ ውሃን እናስቀድም፤ ምክንያቱም ሁለት አደጋዎች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትቱታል። የሳንባ ምች የሚያመጣው ሌጂዮኔላ ባክቴሪያ የሚራባው ከ20 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሙቅ ውሃ በ60 ዲግሪ ይጠራቀማል። በ60 ዲግሪ ግን የአረጋዊ ቆዳ በሰከንዶች ውስጥ ይቃጠላል። መፍትሔው ማጠራቀሚያውን ማቀዝቀዝ ሳይሆን በመታጠቢያው ቧንቧ አጠገብ ሙቀት የሚያመጣጥን ቫልቭ መግጠም ነው፤ ከዚያ የሚወጣው ከ44 ዲግሪ አይለፍ። ቫልቩ ከቧንቧው ከራቀ በመካከል የሚቆመው ለብ ያለ ውሃ ራሱ የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። ወደ ቫልቩ የሚገባው ውሃ ከተከፈተ በ1 ደቂቃ ውስጥ ከ50 ዲግሪ በላይ፣ ቀዝቃዛው በ2 ደቂቃ ውስጥ ከ20 በታች መድረስ አለበት። ሰው የሌለበት ክፍል ቧንቧና ሻወር በየሳምንቱ ለጥቂት ደቂቃ ይፍሰስ፤ የሻወር ራስ በየ3 ወሩ ከዝቃጭ ይጽዳ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ነዋሪ ገላ ከመታጠቡ በፊት ውሃው ሁልጊዜ በቴርሞሜትር ይለካ፤ ክርን ማስገባት አይበቃም።

መስኮት ከ10 ሴንቲሜትር በላይ እንዳይከፈት ይገደብ፤ ገደቡም በእጅ የማይፈታ ይሁን። በአልጋ ጎን መከለያ ዘንጎች መካከል ያለው ክፍተት ከ12 ሴንቲሜትር አይብለጥ። በመከለያውና በፍራሹ መካከልም የፍራሹን ጠርዝ በእጅ ተጭነው ይለኩ፤ ጭንቅላት የሚሰነቀረው ፍራሹ ሲረግብ በሚፈጠረው ክፍተት ነው። ፍራሽ በተለወጠ ቁጥር ልኬቱ ይደገም፤ ወፍራም የአየር ፍራሽ መከለያውን አሳጥሮ ሰው በላዩ እንዲንከባለል ያደርጋል። ግራ ተጋብተው የሚነሡ ሰውን በመከለያ ማገድ ደግሞ የሚወድቁበትን ከፍታ መጨመር ነው፤ ለእሳቸው እስከ ወለል የሚወርድ አልጋና ከጎኑ ፍራሽ ይሻላቸዋል።

ለእሳት አደጋ ጥያቄው አንድ ነው፤ ሌሊት ባለው የሰው ቁጥር ብቻ አንድን ክንፍ ማስለቀቅ ይቻላል? ልምምዱን ቀን ላይ በሙሉ ሠራተኛ ማድረግ ምንም አያረጋግጥም። ሰዎቹ የሚወሰዱት ወደ ደጅ ሳይሆን እሳት መከላከያ በሮችን አልፎ በዚያው ፎቅ ወዳለው ቀጣይ ክፍል ነው፤ ስለዚህ በሮቹ በራሳቸው የሚዘጉ፣ በጎንና በላይ ክፍተታቸው 3 ሚሊሜትር ያህል ብቻ የሆነ መሆን አለባቸው። በሽብልቅ ወይም በወንበር ተከፍቶ የቆመ በር የለም ማለት ነው። ፓራፊን ያለበት የቆዳ ቅባት ልብስና አንሶላ ውስጥ ሲጠራቀም ጨርቁን በፍጥነት እንደሚያነድ ሠራተኞች ይወቁ፤ አጠባ ሙሉ በሙሉ አያስለቅቀውም።

የሰው ማንሻ መሣሪያን በየ6 ወሩ ብቃት ያለው ባለሙያ ይመርምረው። የማዘያ ጨርቁ መለያ የማይነበብ ከሆነ ወይም ስፌቱ ከሾለከ ዛሬውኑ ይወገድ።

ጥያቄ፦ አጎቴ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ወፈር ያለ መጠጥ ብቻ ታዝዞላቸዋል። አንዳንድ ቀን እንደ ውሃ፣ አንዳንድ ቀን እንደ ገንፎ ሆኖ ይመጣል።

መልስ፦ ይህ አደገኛ ነው፤ ሲቀጥን ወደ ሳንባ ይገባል፣ ሲበዛ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ዓለም አቀፉ የምግብና መጠጥ ውፍረት መለኪያ ከ0 እስከ 7 ደረጃ አለው፤ የታዘዘላቸው ደረጃ በቁጥር ይጻፍ። ልኬቱ ቀላል ነው። የ0 እስከ 10 ሚሊ ሊትር ምልክቱ 61.5 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ስሪንጅ እስከ 10 ተሞልቶ ለ10 ሰከንድ እንዲፈስ ይለቀቃል። ከ1 እስከ 4 ሚሊ ሊትር ከቀረ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ከቀረ ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ቀርቶ ጥቂት ከፈሰሰ ደረጃ 3 ነው። ከቀን ወደ ቀን ልዩነቱ የሚመጣው የማወፈሪያው ዱቄት በግምት ስለሚጨመርና ቆርቆሮው ላይ የተጻፈው የመጠበቂያ ደቂቃ ስለማይጠበቅ ነው። የማወፈሪያው ዱቄት ራሱ ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ደረቁን የቃመ ሰው ይታነቃል። ሲመገቡ ቀና ብለው ይቀመጡ፤ የሚያጎርሳቸው ሰው ከፊታቸው ይቀመጥ፣ የበፊቱን መዋጣቸውን ሳያይ ሌላ አያጉርስ። አፋቸው በቀን ሁለት ጊዜ ይጽዳ። ክብደታቸውንም ይከታተሉ፤ 60 ኪሎ የነበሩ ሰው በአንድ ወር 3 ኪሎ ከቀነሱ የምግብ ባለሙያ መጠራት አለበት።

ጥያቄ፦ ሠራተኞቻችን ቀኑን ሙሉ ጓንት አይለዩም። ይህ ጥሩ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ሳይለወጥ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ጓንት ለባሹን እንጂ ነዋሪውን አይጠብቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እጅ የሚጸዳባቸው አምስት ወቅቶች ሰውን ከመንካት በፊት፣ ንጽሕና ከሚጠይቅ ሥራ በፊት፣ የሰውነት ፈሳሽ ከነካን በኋላ፣ ሰውን ከነካን በኋላና በዙሪያው ያለውን ዕቃ ከነካን በኋላ ናቸው። በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በሳሙናና ውሃ ሙሉ ሂደቱ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይወስዳል። ተቅማጥ ባለበት ቤት ሳሙናና ውሃ ይሁን፤ አልኮል ተቅማጥ የሚያመጣውን የክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ባክቴሪያ ዘር አይገድልም። ያስመለሰው ወይም ያስቀመጠው ሠራተኛ ከቆመለት 48 ሰዓት ሳይሞላ ወደ ሥራ አይመለስ።

ጥያቄ፦ አባቴን ልናስገባ ያየነው ማዕከል የአደጋና የቅሬታ መዝገቡ ባዶ መሆኑን በኩራት አሳየን። እንመነው?

መልስ፦ ደካማ ሰዎች በሚኖሩበት ቤት ስድስት ወር ሙሉ አንድም ሰው ካልወደቀ ወይ ማንም ከወንበሩ አይነሣም፣ ወይ አይጻፍም። የተሞላ መዝገብ ይሻላችኋል፤ የተጻፈውን ተከትሎ የተደረገውን ጠይቁ። ማንም ሳያየው ወድቆ የተገኘ፣ በተለይም ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው፣ ከመነሣቱ በፊት ጉዳቱ ታይቷል? ለሐኪም ተደውሏል? ከዚያ በኋላ ንቃቱ፣ የዐይኑ ብሌንና የደም ግፊቱ በየግማሽ ሰዓቱ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት፣ ቀጥሎም በየሰዓቱ ተመዝግቧል? የወሩ ውድቀቶችስ በሰዓትና በቦታ ተደርድረዋል? ሦስቱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት አካባቢ መጸዳጃ በር ላይ ከሆኑ የሚያስፈልገው መብራትና ከዚያ ሰዓት በፊት የሚደረግ እርዳታ ነው። ለቅሬታም እንዲሁ ነው፤ የቀረበውን፣ የተመለሰበትን ቀንና የተለወጠውን ነገር ያሳዩአችሁ። ከዚያ ኃላፊው ሳይኖሩ ከሁለት ሌሎች ቤተሰቦች ጋር ተነጋገሩ፤ አንድ ነገር ተናግረው እንደሆነና ከዚያ ወዲህ የወላጃቸው አያያዝ ተለውጦ እንደሆነ ጠይቋቸው።